አርባ ደቂቃ ለስድሳ ልጅ

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር አገር ይንጫጫል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል ጆሮውን ማመን ያቃተው ብዙ ነበር። በ2015 ወደ 3.2 ወረደ፤ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። በእነዚህ ቁጥሮች ላይ ያልተባለ ነገር የለም። ኩረጃ ስለቀረ ነው፣ ፈተናው ስለከበደ ነው፣ መምህሩ ስለተማረረ ነው፣ ልጁ ስልክ ላይ ተጥዶ ስለሚውል ነው። ሁሉም ውስጥ ትንሽ ትንሽ እውነት አለ። ክርክሩ ግን ሁልጊዜ የሚካሄደው በመጨረሻው ክፍል በር ላይ ነው። ልጁ 12 ዓመት ተጉዞ እዚያ የደረሰ መሆኑን እየረሳን፣ ጥፋቱን እዚያው ደጃፍ ላይ እንፈልጋለን።

እኔ ደግሞ በመጀመሪያው በር እንድንገባ እፈልጋለሁ። በ2002 ዓ.ም. በአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት ገንዘብ በበርካታ ክልሎች የጀማሪ ክፍሎች የንባብ ምዘና ተካሂዶ ነበር፤ ባለሙያዎቹ ኢግራ የሚሉት ነው። አሠራሩ ረቂቅ አይደለም። መዛኙ አንዱን ልጅ ለብቻው ይጠራል፣ ፊት ለፊቱ ያስቀምጠዋል፣ አንድ ገጽ ይሰጠዋል፣ ሰዓቱን ይይዛል፣ ያዳምጣል። ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። የዓለም ባንክም ከዓመታት በኋላ ትምህርት ቤት ያልገቡትን ጨምሮ ባወጣው ስሌት፣ በአገራችን አሥር ዓመት ገደማ ከሆናቸው ልጆች 90 በመቶ የሚሆኑት አንድ አጭር ጽሑፍ አንብበው መረዳት እንደማይችሉ አስታውቋል። ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄዱት የመጀመሪያዎቹ ብሔራዊ ምዘናዎችም የ4ኛ ክፍል አማካይ ውጤት አንድም ጊዜ 50 በመቶ አልሞላም። የ12ኛ ክፍሉ ዜና ያስደነገጠን፣ ይህኛውን ዜና ሳንሰማው ስላለፍን ይመስለኛል።

እነዚያ አንዲት ቃል ማንበብ ያቃታቸው የ2ኛ ክፍል ልጆች ከትምህርት ቤት የቀሩ አልነበሩም። ሁለት ዓመት ያህል ዩኒፎርም ለብሰው፣ ደብተር ይዘው፣ በሰልፍ ገብተው በሰልፍ የወጡ ናቸው። ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ ምን ሲደረግ ነበር? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆነው ተራ ጠዋት ነው፤ የተለየ ነገር ያልተፈጠረበት ጠዋት።

አዲስ አበባ ዳርቻ ያለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ 1ኛ ክፍል፣ የጠዋት ፈረቃ። ሰልፉ አልቋል፣ ሰንደቅ ዓላማው ተሰቅሏል፣ ሚኒ ሚዲያውም እየተቆራረጠ የዕለቱን ማስታወቂያ ተናግሮ ዝም ብሏል። ክፍሉ ውስጥ ስድሳ ልጆች አሉ። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል፤ በመስኮቱ በኩል አራት የሆኑም አሉ፣ ዳር ያለው ልጅ በግማሽ መቀመጫው ነው የተንጠለጠለው። ግድግዳው ላይ የማዳበሪያ ጆንያ ተገልብጦ የተሣለበት የሰውነት ክፍሎች ሥዕል፣ በካርቶን ላይ የተጻፉ ቁጥሮች፣ በክር የተሰካ ቆርኪ ተሰቅሏል። ይህን ሁሉ ያዘጋጁት መምህርቷ ናቸው፤ ቀለሙም ጆንያውም ከኪሳቸው መሆኑ አይቀርም። ለእንዲህ ዓይነቱ ድካም ያለኝን አክብሮት አስቀድሜ ልናገር፤ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ እሳቸውን ለመውቀስ እንዳይመስል።

የዕለቱ ፊደል «ተ» ነው። መምህርቷ ሰባቱንም ከሰሌዳው ላይ ደረደሩ፤ ተ ቱ ቲ ታ ቴ ት ቶ። ከሥራቸው ቃላት ጻፉ። በማስመሪያ እየጠቆሙ ያስነብባሉ፣ ክፍሉም በአንድ ድምፅ ይከተላል። ድምፁ ያምራል፤ ግቢው ድረስ ይሰማል። «ገባችሁ?» ይላሉ። «አዎ ቲቸር!» ይባላል። «ያልገባው አለ?» ይላሉ። «የለም!» ይባላል። እንግዲያው በደብተራችሁ ጻፉ። አንገቶች ይደፋሉ፣ እርሳሶች ይቀረጻሉ፣ ላጲስ የሚዋዋሱ ሹክሹክ ይላሉ፣ የክፍሉ አለቃ የሚያወሩትን ስም ይጽፋል። ጽፎ የጨረሰ ለእርማት ወደ ጠረጴዛው ይመጣል፤ ሰልፍ ይሆናል። ቀይ እስክሪብቶው ሳያርፍ ራይት ራይት እያለ ይወርዳል። ደወል ይደወላል። ሒሳብ ቀጠለ።

ከኋላ ከተቀመጡት ልጆች የአንዱን ደብተር አየሁ። የእጅ ጽሑፉ ከእኔ ይሻላል። መስመር አልሳተም፣ ፊደሎቹ ቁመታቸው እኩል ነው። ቀኑን ጽፏል፣ ቃላቱን ጽፏል፣ ከሁሉ በታች ደግሞ «አይጥፋ» የሚል ጽፎ ዙሪያውን በሳጥን ከቦታል። መምህርቷ ለከሰዓት ፈረቃ ብለው ሰሌዳው ጥግ ላይ የጻፉት ማሳሰቢያ ነው፤ ልጁ የትምህርቱ አካል መስሎት አብሮ ገልብጦታል። ገጹ ላይ ትልቅ ራይት አለ፤ ከጎኑም «በጣም ጥሩ»።

«ቤቶች» የሚለውን ቃል ጽፌ ሰጠሁትና ምን ይላል አልኩት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ጣቱን እያጠፈ በ ቡ ቢ ባ ቤ አለ፤ ቤ። ቀጥሎ ተ ቱ ቲ ታ ቴ ት ቶ አለ፤ ቶ። ከዚያ ቸ ቹ ቺ ቻ ቼ ች፤ ች። አምስት፣ ሰባት፣ ስድስት፤ በድምሩ 18 እርምጃ ለአንዲት ሦስት ፊደል ቃል። ሦስተኛዋ ላይ ሲደርስ የመጀመሪያዋ ጠፍታው ነበር። ቀና ብሎ አየኝና «ቶች» አለኝ።

ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም። እንዲያውም ብልህ ነው፤ ማንም ሳያስተምረው የራሱን ዘዴ ፈጥሯል። የሚያውቀው ፊደሉን ሳይሆን የፊደሉን ዜማ ነው። ዜማውን ከመጀመሪያው ካልጀመረ መሐል ላይ መግባት አይችልም። በኅብረት ሲጠየቅ አብሮ ይመልሳል፣ ገልብጥ ሲባል አሳምሮ ይገለብጣል፤ ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ ማንበብ አለመቻሉን የሚያጋልጥ አንድም አጋጣሚ የለም። እናቱ ደብተሩን ብታየው ደስ ይላታል። ሱፐርቫይዘሩ ቢያየው ለመምህርቷ ጥሩ ነጥብ ይሰጣል። መምህርቷም ቢሆኑ በስድሳ ድምፅ መሐል የአንዱን ዝምታ የሚለዩበት ጆሮ ከየት ያመጣሉ?

ስሌቱ ጨካኝ ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ሰላምታው፣ ስም ጥሪው፣ ሰሌዳ ማጥፋቱ፣ ዝም በሉው ሁሉ ባይኖር እንኳ ለስድሳ ልጅ ሲካፈል ለአንዱ 40 ሴኮንድ ይደርሰዋል። በ40 ሴኮንድ ውስጥ አንድ ልጅ ተነሥቶ፣ ገጹን አግኝቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ሳይጨርስ ተራው ያልፋል። ስለዚህ መምህሩ የሚያዋጣውን ይመርጣል፤ አንድ ላይ ማስጮህና ማስገልበጥ። ይህን ዘዴ የወለደው የቁጥሩ ብዛት ነው፤ የመምህሩ ስንፍና አይደለም። በየክልሉ ገጠር ደግሞ ስድሳ ብርቅ ነው፤ ሰማንያም ዘጠናም ያላቸው ክፍሎች አሉ።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ ልመለስና ስለ ቄስ ትምህርት ቤት ላንሳ። የድሮውን ትምህርት ስናነሣ ወይ አምልኮ ወይ ንቀት ይቀናናል፤ የኔታ ልጁን እንዴት እንደሚያስነብቡት ልብ ብሎ ያየ ግን ጥቂት ነው። ልጁ የፊደል ገበታውን ይዞ የኔታ እግር ሥር ይቀመጣል። በስንጥር እየጠቆመ ይቆጥራል። ሀ ሁ ሂ ሃን በአግድም ከጨረሰ በኋላ ቁልቁል ይወርዳል። ከዚያ ሁሉ በኋላ ደግሞ አቡጊዳ ይመጣል።

አቡጊዳ በብዙዎቻችን ትዝታ ውስጥ ሌላ የሚሸመደድ ዜማ ሆኖ ነው የቀረው። ሥራውን ልብ ብላችሁ እዩት። አ ከግዕዝ፣ ቡ ከካዕብ፣ ጊ ከሣልስ፣ ዳ ከራብዕ፣ ሄ ከኃምስ፣ ው ከሳድስ፣ ዞ ከሳብዕ። የፊደሉን ተራም የድምፁንም ተራ አብሮ ያምሰዋል። በሀ ሁ ዜማ ተሸፋፍኖ ያለፈ ልጅ እዚህ ላይ ይያዛል፤ ዜማው አይረዳውምና ፊደሏን በመልኳ ማወቅ ግድ ይሆንበታል። ያ ደብተሩ ያማረ ልጅ አቡጊዳ ቢሰጠው ችግሩ በመጀመሪያው ቀን ይታወቅ ነበር። የቀድሞ መምህራን ልጅ ዜማ እንጂ ፊደል ላይዝ እንደሚችል ያውቁ ነበር፤ አውቀውም መፈተኛ ሠርተውለታል። አቡጊዳን ካለፈ መልእክተ ዮሐንስ ይሰጠዋል፤ በቁጥር፣ በግዕዝ፣ በውርድና በቁም ንባብ እያለ ከፊደል ወደ ቃል፣ ከቃል ወደ ዓረፍተ ነገር ያድጋል፣ ከዚያም ዳዊት ይደግማል። በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ አንድ ልጅ ብቻውን ያነባል፣ አንድ አዋቂ ወይም አንድ ከፍ ያለ ተማሪ ያዳምጠዋል። ያልቻለው አይሻገርም፤ የቻለው ጓደኛውን አይጠብቅም።

ወደዚያ እንመለስ እያልኩ አይደለም። የኔታ ዘንድ አርጩሜም ኩርኩምም ነበር። የሚነበበው ግዕዝ ስለሆነ ልጁ ያነበበውን አይረዳውም፤ ሴት ልጆች በአብዛኛው ደጅ ቀርተዋል፤ ስድሳ ልጅም በአንድ ጊዜ አይመጣባቸውም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ማድረጉ ለእኔ ከዚያ ወዲህ ከተወሰኑት ውሳኔዎች ሁሉ የሚበልጥ ነው፤ ልጅ የሚያነበው የሚገባውን መሆን አለበት። ያመለጠን ሌላ ነገር ነው። ክፍሉን ስናሰፋ፣ ልጆቹን በሚሊዮን ስናስገባ፣ ከየኔታ ቤት አርጩሜውን ብቻ ጥለን መምጣት ሲገባን ጆሮውንም ጥለን መጣን። ሽምደዳውን ግን ይዘነው ገባን።

የአማርኛ ንባብ ደግሞ ፊደል በመቁጠር አያልቅም። ጽሑፋችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «አለ» ብሎ የጻፈ ሰው መናገሩን ይሁን መኖሩን የሚነግረን ዓረፍተ ነገሩ ነው። ሳድሱም አንዴ ድምፅ ይኖረዋል፣ አንዴ አይኖረውም። ስለዚህ ልጅ በትክክል ድምፁን ለማውጣት እንኳ እየተረዳ መሄድ አለበት። ይህን ደግሞ መምህሩ የሚያውቀው በጆሮው ብቻ ነው። «አለ»ን በትክክል የገለበጠ ልጅ የትኛውን «አለ» እንዳነበበ ደብተሩ ላይ አይታይም።

ለምን አይደመጥም የሚለውን ጥያቄ የተማሪ ብዛት ብቻ አይመልሰውም። አርባ ልጅ ባለባቸው የግል ትምህርት ቤቶችም ያው ነው፤ እዚያ ደግሞ ኬጂ ላይ እንግሊዝኛ ስለሚጀመር ልጁ የአፕልን ሥዕል አይቶ አፕል ይላል፣ ሥዕሉ ሲሸፈንበት ዝም ይላል፣ ወላጅም ከፍሎ ይሄዳል። እኔ እንደማየው ዋናው ምክንያት የሚቆጠረው ነገር ነው። በትምህርት ቤቶቻችን የሚመረመረው ወረቀት ላይ የቀረ ነገር ነው። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ዓመታዊ ዕቅድ ይጠይቃል፣ የዕለት ትምህርት ዕቅድ ይጠይቃል፣ የተከታታይ ምዘና ነጥብ የተሞላበትን መዝገብ ይጠይቃል፣ ደብተር ታርሟል ወይ ይላል። የታረመ ደብተር ይታያል፤ የተደመጠ ልጅ አይታይም። አንዲት መምህርት ግማሹን ክፍለ ጊዜ አሥር ልጆችን ስታዳምጥ ብትውል በዚያ ቀን ሃምሳ ያልታረመ ደብተር ይኖራታል፤ ተጠያቂ የምትሆነውም በደብተሮቹ ነው። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ ቀዩን እስክሪብቶ የመረጠ መምህር ተላላ አይደለም።

ተከታታይ ምዘና የሚለው ሐሳብ ራሱ ሲመጣ ለዚህ ነበር የታሰበው፤ ልጁን በየጊዜው እያዩ ክፍተቱን ቶሎ ለመሙላት። ሥራ ላይ ሲውል ግን ከአሥር፣ ከአምስት፣ ከአሥራ አምስት እየተባለ የሚደመር ነጥብ ሆኖ አረፈ። ለብዙ ዓመታት ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ልጅ ሳይጣል እንዲያልፍ መደረጉም በመርህ ደረጃ ደግ ነገር ነው። የሰባት ዓመት ልጅን ወደቅህ ማለት ጭካኔ ነው። ነገር ግን ማለፉ አብሮት የሚሄድ ድጋፍ ይፈልግ ነበር፤ ድጋፉ ሳይመጣ ማለፉ ብቻ መጣ። ልጁ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ሳያገኘው ይሻገርና 4ኛ ክፍል ላይ አካባቢ ሳይንስን ከመጽሐፍ አንብበህ መልስ ይባላል። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል የሚባለው እዚህ ላይ ይደርሳል።

ለ1ኛ ክፍል የሚመደበው ማን እንደሆነም እንነጋገር። በብዙ ትምህርት ቤቶች ጎበዝ የተባለው መምህር ለ8ኛ ክፍል ይቀመጣል፤ ፈተናው የትምህርት ቤቱ ስም ነውና። 1ኛ ክፍል አዲስ ለተቀጠረ፣ ለታመመ ወይም ለጡረታ ለቀረበ ይተዋል። እዚያም ሴልፍ ኮንቴይንድ ስለሆነ ያው አንድ መምህር አማርኛውንም ሒሳቡንም አካባቢ ሳይንሱንም ከጠዋት እስከ ቀትር ይይዛል። ድምፅ የሚዘጋው፣ ጉሮሮ የሚታመመው፣ ጠመኔ የሚተነፈሰው እዚያ ነው። ምደባውን ገልብጠን የትምህርት ቤቱን ምርጥ መምህር 1ኛ ክፍል ብናስገባው 8ኛ ክፍል ላይ የሚኖረው ሥራ ግማሽ ይቀንስ ነበር ባይ ነኝ። የሚስማማኝ ርዕሰ መምህር ግን እስካሁን ብዙ አላገኘሁም።

መጽሐፉስ? ከ2002 ዓ.ም. ምዘና በኋላ የጀማሪ ክፍሎች የንባብ መጻሕፍት በሰባት ቋንቋዎች፣ ማለትም በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ፣ በሲዳምኛ፣ በወላይትኛና በሀዲይኛ እንደ አዲስ ተዘጋጅተው ነበር። ከዚያ በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጣ፤ አንደኛ ደረጃም 1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ሆነ፤ ግብረ ገብ ተመለሰ፣ ክወናና እይታ ጥበባት ገባ። መጽሐፉ ግን ከሥርዓቱ ኋላ ቀረና መምህራን በቴሌግራም የመጣላቸውን ፋይል ከስልካቸው ላይ እያዩ ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ ከረሙ። መጽሐፍ በሌለበት ደግሞ ሰሌዳው መጽሐፍ ይሆናል፣ ትምህርቱም መገልበጥ ይሆናል፤ ከዚህ ውጭ ምን ሊሆን ይችላል? መጽሐፍ የደረሳቸውም ቢሆኑ ልጆች እንዳይቀዱት እየተባለ ቁም ሳጥን ውስጥ የሚቆለፍበት ቦታ አለ። የተቀደደ መጽሐፍ ቢያንስ የተነበበ መጽሐፍ ነው፤ አዲስ እንደሆነ የከረመው ነው ኪሳራው።

ስለ ምገባው አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም። በአዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የከተማው አስተዳደር የያዘው የተማሪዎች ምገባ የክፍሉን ጠዋት ለውጦታል። ባዶ ሆዱን የመጣ ልጅ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ዴስክ ላይ ይተኛ ነበር፤ አሁን ነቅቶ ይቀመጣል። ወላጅ ልጁን ላለመላክ የነበረው ሰበብም ቀንሷል። ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ምገባው እያንዳንዱን ልጅ አንድ በአንድ ነው የሚያገኘው። ስድሳ ሳህን ይቀርባል፣ ስድሳ ልጅ ይበላል፣ ያልበላው ወዲያው ይታወቃል። ዘንድሮ ስንቱ በላ ብለን መጠየቅ ችለናል፤ ዘንድሮ ስንቱ ለብቻው አነበበ ብለን ግን አንጠይቅም።

ታዲያ ምን ይደረግ? የክፍል ብዛት ይቀነስ፣ መምህር ይቀጠር፣ ደመወዝ ይጨመር የሚለው ትክክል ነው፤ ግን በጀት ነው፣ በጀት ደግሞ ዓመት ይፈልጋል። ዛሬ ባለው ስድሳ ልጅና ዛሬ ባሉት መምህርት ሊደረግ የሚችል አንድ ነገር አለ። ስድሳውን ለአምስት ቀን ብናካፍለው በቀን 12 ልጅ ይሆናል። ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ፤ 12 ደቂቃ። በሳምንት ሁሉም ልጅ አንድ ጊዜ ለብቻው ይደመጣል። ሌላው ልጅ በዚያን ጊዜ ምን ይሠራል? ይገለብጣል! መገልበጥ በራሱ ጠላት አይደለም፤ እጅ ያሠለጥናል፣ ክፍሉንም ጸጥ ያሰኛል። መምህርቷ ግን ያንን ጸጥታ የሚያባክኑት ደብተር በማረም ነው። ደብተሩን ልጆቹ እርስ በርስ ይተራረሙ። ቀዩ እስክሪብቶ ይረፍና ጆሮ ይሥራ።

ተማሪዎችን በትንንሽ ቡድን የሚያዋቅረውን፣ አንድ ለአምስት የሚባለውን አደረጃጀትም ማንሳት ይገባል፤ ምንም እንኳ ስሙ ሲነሣ ብዙ መምህር ፊቱን ቢያጠቁርም። ያጠቆሩትም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቃለ ጉባኤና ሪፖርት ሆኖ ነው የቀረው። ግን ጥቂት ልጆች ተቀምጠው አንዱ ለሌሎቹ የሚያነብበት፣ 5ኛ ክፍል ያለችው እኅት 1ኛ ክፍል ያለውን ልጅ በምሳ ሰዓት አሥር ደቂቃ የምታዳምጥበት ነገር ቢሆን ኖሮ ያው የየኔታ ቤት የቆየ ዘዴ በሆነ ነበር፤ እዚያም ታላላቆቹ ናቸው ታናናሾቹን የሚያስቆጥሩት። ሪፖርት ሳይጠየቅበት ብቻ ይሞከር።

ሱፐርቫይዘሩ ደግሞ አንድ ልማድ ይቀይር። ክፍል ሲገባ ፋይል ከመጠየቁ በፊት ስም መዝገቡን ገልጦ አምስት ስም በዘፈቀደ ይጥራ፤ ልጆቹም ከተማሩት ገጽ ከታች ወደ ላይ ያንብቡለት። ከታች ወደ ላይ የምለው ለክፋት አይደለም። ገጹን በቃሉ የያዘ ልጅ ከላይ ወደ ታች ማንም እያየው ሳይጠረጠር ያነባል፤ ከታች ሲጀመር ግን ፊደሏን ማየት አለበት። አቡጊዳ የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው። አምስት ልጅ አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ከፋይል ምርመራው ያነሰ ነው። መምህራን ሱፐርቫይዘሩ የሚያየውን ያዘጋጃሉ፤ የሚሰማ ከሆነ ደግሞ የሚሰማ ያዘጋጃሉ።

አንድ የሠላሳ ዓመት ልምድ ያላቸው መምህርት ይህን ሐሳብ ስነግራቸው ፈገግ አሉና «ልጄ፣ 12 ደቂቃ ካገኘሁ መጀመሪያ ሽንት ቤት እሄዳለሁ» አሉኝ። ቀልድ ይመስላል እንጂ ቀልድ አይደለም። በሁለት ፈረቃ የሚያስተምር ሰው እረፍቱ የሚያልቀው የእረፍት ጥበቃ ላይ ነው። ስለዚህ ይህን ተጨማሪ ግዳጅ አድርጎ በሰርኩላር ማውረድ ከአንድ ለአምስቱ ዕጣ አያወጣውም፤ የሆነ ነገር መቀነስ አለበት። እኔ እንዲቀነስ የምፈልገው የዕለት ትምህርት ዕቅድ ነው። ሃያ ዓመት ያስተማረች ሴት «ተ»ን ለማስተማር በየዓመቱ ዓላማ፣ ይዘት፣ ዘዴ፣ ምዘና እያለች ገጽ እንድትሞላ ማድረግ የማን ጥቅም እንደሆነ አስረዱኝ ብዬ ብዙ ሰው ጠይቄአለሁ።

ከወላጅ በኩል ያለውን በአጭሩ ልጨርስ። የሴሚስተሩ ካርድ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ስንተኛ ወጣህ?» ነው። ደረጃ ግን ልጁ ከክፍሉ ልጆች ጋር ሲነጻጸር የት እንዳለ እንጂ ማንበብ መቻሉን አይናገርም፤ ማንበብ ከማይችሉ ሃምሳ ልጆች አንደኛ መውጣትም ይቻላል። ይልቅ የሰሞኑን ገጽ ገልጣችሁ ከመጨረሻው መስመር እንዲጀምር ጠይቁት። ሁለት ደቂቃ ነው። ከንፈሩ ከተንቀሳቀሰና ጣቱን ማጠፍ ከጀመረ አትቆጡት፤ ፊደሉን እየፈለገ ነው። በማግስቱ ጠዋት መምህርቷን ለይታችሁ አናግሩ፤ ያውም ከጥር በፊት። ከሁለተኛው ሴሚስተር ወዲያ ትምህርቱ ከፊደል ወደ ምንባብ ያልፋል፣ መምህርቷም ወደ ኋላ የሚመለሱበት ጊዜ አይኖራቸውም። ማንበብ የማትችሉ ወላጆች ብትሆኑም ይህን ማድረግ ይቻላል። ልጁ እያነበበ ነው ወይስ እየዘመረ የሚለውን ለመለየት ጆሮ እንጂ ፊደል አያስፈልግም፤ በጣታችሁ መሐል ላይ ያለች አንዲት ቃል ሸፍናችሁ ዘልሎ እንዲቀጥል ንገሩት። የሚያነብ ልጅ ዘልሎ ይቀጥላል። የሚዘምረው ይቆምና ከመጀመሪያው ይጀምራል።